ከአራት ሰው በላይ ሲከለከል፦ የገጠር ጤና ኬላ በኮሮና ጊዜ

መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁና እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ የሰውን ውሎ ቀየሩት። መጨባበጥ ቀረ። መኪና በግማሽ ይጫን ተባለ። ከአራት ሰው በላይ አንድ ቦታ መሰብሰብም ክልክል ሆነ።

ከተማ ላይ ሰው ያወራው ስለ ሠርጉ፣ ስለ መጠጥ ቤቱና ስለ ታሪፉ ነበር። ገጠር ላይ ግን ይህች የአራት ሰው ነገር ብዙም ያልተወራለትን ሥራ ነካች። ጤና ኬላ የሚሠራው ሰው ሰብስቦ ነው። ነፍሰ ጡሮች በወር አንድ ቀን ተሰብስበው ይማራሉ። እናቶች በክትባት ቀን ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ጥላ ሥር ይኮለኮላሉ። የልማት ቡድን ሴቶች ቡና አፍልተው ይወያያሉ። ከአራት በታች ሆኖ የሚሠራ ሥራ ካለ ቤት ለቤት መዞር ነው። እሱ ደግሞ በሌላ ምክንያት ጣጣ ውስጥ ገባ።

ይህ ጽሑፍ የሚያየው በዚያ ዘመን የነበረውን የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ነው። ኮሮና ጤና ኬላዎችን አልዘጋቸውም። ባለሙያዎቹም ሥራቸውን ጥለው አልሄዱም። ታዲያ ምን ተበላሸ? በኔ እይታ ነገሩ እንዲህ ነው። በየጤና ኬላው በሚሠሩት ሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ አዲስ ሥራ ተጫነ፣ ከድሮው ግን የተነሳላቸው የለም። መደበኛው አገልግሎት ይቀጥል ተባለ። የኮሮናውም ይሠራ ተባለ። የቱ እንደሚቀር የወሰነው የቀኑ መምሸት ነበር።

ሁለቱ ሴቶች

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ ይሠራ፣ በየጤና ኬላው ሁለት ሴቶች ይመደቡ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ ያካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ የሠፈሩ ልጆች። አንድ ዓመት ሠልጥነው ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናሉ። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ነው የታሰበው። በኋላ ፕሮግራሙ ወደ አርብቶ አደሩና ወደ ከተማውም ዘለቀ። የባለሙያዎቹም ቁጥር ከ30,000 አለፈ።

ሥራቸው በ«ፓኬጅ» የተከፋፈለ ነው። መጀመሪያ 16 ነበር፣ በኋላ 18 ሆነ። መጸዳጃ ቤት ከማስቆፈር ጀምሮ ወባ፣ ቲቢ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ሥርዓተ ምግብ፣ ምኑ ቅጡ። መነሻው ማስተማርና መከላከል ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ክንድ ላይ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ማስገባትና የልጆችን የሳንባ ምች ማከምም ተጨመረባቸው። ሥራው ሲጨመር የሰው ቁጥር እንደዚያው ልክ አልጨመረም። ይህን ልብ በሉ፣ ከኮሮና በፊትም ልማዱ እንዲህ ነበር።

ውጤት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 ጤና ተቋም ውስጥ የተወለዱት ሕፃናት ድርሻ 5 በመቶ ብቻ ነበር። በ2019 ግን 48 በመቶ ሆነ። የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከ15 ወደ 41 በመቶ ወጡ። ይህ ሁሉ የሁለቱ ሴቶች ሥራ ነው አይባልም። መንገድም፣ ትምህርትም፣ ጤና ጣቢያም አለበት። ያለነሱ ግን የሚታሰብ አልነበረም። በሌላ በኩል በዚያው በ2019 መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱ ሕፃናት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኮሮና የመጣው ግማሽ መንገድ ላይ በነበረ ሥራ ላይ ነው።

ከመጋቢት 4 በኋላ

የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ላኩ። ከዐረብ አገር፣ ከሱዳን፣ ከጅቡቲ የሚመለሰው ወገን በዛ። ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርት ማቆም ጀመሩ።

እንግዲህ አንድ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ማን ገባ፣ ከየት መጣ፣ የትኛው ጎጥ አረፈ የሚለውን ማን ያውቃል? የጤና ኤክስቴንሽኗ። የእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ማህደር ጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ አለ። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ ማን ልጁን እንዳስከተበ፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር እንደሄደች ሳትጠየቅ የምታውቅ ሰው ናት። ስለዚህ የመጣውን እንድትመዘግብ፣ ለ14 ቀን እንድትከታተል፣ ትኩሳትና ሳል ካየች ለጤና ጣቢያ እንድታሳውቅ ታዘዘች። በ8335 እና በ952 ነፃ ስልኮች መደወል ይቻል ነበር። ስልክ ከሌለው ቤት ግን ወሬው የሚወጣው በሷ በኩል ነው።

ሥራው ትክክል ነበር። ያስከፈለው ዋጋ ግን ወረቀት ላይ አልሰፈረም። «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ቃል ሰው ላይ ፍርሃት ጥሏል። ልጁ ከስደት የመጣችለት አባወራ በሩን የምታንኳኳውን ሴት በሁለት ምክንያት ይጠረጥራታል። አንደኛ፣ ቤት ለቤት ስለምትዞር በሽታውን ይዛ የምትመጣው እሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለተኛ፣ ያየችውን ትናገራለች። ትናንት ስለ ልጅ ክብደትና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ታወራ የነበረች ሴት ዛሬ ግማሽ ጠቋሚ ሆነች። በብዙ ቀበሌ ከዚያ በፊት ቡና ጠጪ ሳትባል የማትወጣው ሴት ደጅ ላይ ቆማ ተናግራ መመለስ ጀመረች። እርግጥ ደጅ ላይ መቆሙን መመሪያውም ይፈልገዋል። ግን በመመሪያ መቆምና ስላልገባሽ መቆም ለየቅል ናቸው።

ከዚያ ሪፖርቱ አለ። ከመደበኛው ሳምንታዊና ወርሃዊ ሪፖርት ላይ የኮሮናው መጣ። ዛሬ ምንም የለም ማለትም ሪፖርት ነው። የሥራ ስልክ ላልተሰጣት ባለሙያ ስልኩም ካርዱም የራሷ ነው። በዚያ ሰሞን ስልክ በተደወለ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት የኮሮና ምክር ይሰማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር እንዴት እንዳደረች ለመጠየቅ የምትደውል ባለሙያም ያንኑ ምክር ሰምታ ነው የምትጀምረው። ስታስተምረው የዋለችውን!

ከሁለት እርምጃ ርቀት እስትንፋስ መቁጠር

ነገሩ የሚገባው ቀረብ ተብሎ ሲታይ ነው። የሳንባ ምች ሕክምናን እንውሰድ።

ጤና ኬላ ላይ ራጅ የለም፣ ላቦራቶሪ የለም። ያለው ሰዓት ነው። የሚያስል ልጅ ሲመጣ ባለሙያዋ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ልብሱን ከፍ ታደርጋለች። ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። ካለቀሰ እስኪረጋጋ ትጠብቅና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ እስትንፋሱ ፈጥኗል። ከአንድ እስከ 5 ዓመት ላለው ደግሞ መስፈርቱ 40 ነው። አሞክሳሲሊን ትሰጠዋለች። ሌላ የአደጋ ምልክት ካየች ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ይኼው ነው። ይህ ቆጠራ ብዙ ልጅ አትርፏል።

አሁን ይህንን ከሁለት እርምጃ ርቀት ሥሩት። የሚያስልና የሚያተኩሰው ልጅ የኮሮናም ምልክት ያለው ልጅ ነው። ባለሙያዋ ማስክ አድርጋ ከቀረበች ልጁ ፊቷን አያውቀውም፣ ያለቅሳል። ካለቀሰ ቆጠራው ይበላሻል። ማስክ ከሌላት ደግሞ መቅረቡ ራሱ ያስፈራታል። እናትየዋም ከቤት ስትወጣ አስባበታለች። ልጄ ያስላል ብዬ ብሄድ ኮሮና ነው ብለው ቢወስዱብኝስ? ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፈው በፌጦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ነው። ለአዋቂ ጉንፋን እንኳን ይሁን። የሳንባ ምች ለያዘው የስምንት ወር ሕፃን ግን ሁለት ቀን መዘግየት ብዙ ነው።

በግንቦት 2012 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የቀይ መስቀል ፌዴሬሽኑ በጋራ ለማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች መመሪያ አወጡ። መከላከያ ዕቃ ከሌለ ሳይነኩ መሥራት የሚል ሐሳብ ነበረበት። እናት ራሷ የልጁን ልብስ ትግለጥ። ባለሙያዋ ራቅ ብላ ትመልከት። የክንድ ዙሪያ መለኪያዋንም እናት ራሷ ልጇ ክንድ ላይ ትጠምጥማት። ይህች መለኪያ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያላት ጥብጣብ ናት። ቀይ ማለት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፣ ልጁ በከባድ የምግብ እጥረት ተጎድቷል ማለት ነው። ለማንበብ ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። እውነቱን ለመናገር እናትን በራሷ ልጅ ላይ መለኪያ ማስያዝ ወረርሽኝ እስኪመጣ መጠበቅ አልነበረበትም። ከዚያ ዘመን ከተረፉት ጥቂት መልካም ነገሮች አንዱ ይሄ ይመስለኛል።

የ10 ልጅ ብልቃጥ

የአራት ሰው ደንብ በትክክል የት እንደሚጎዳ ለማየት ደግሞ የኩፍኝ ክትባትን ማየት ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ዱቄት ለ10 ልጅ ይበቃል። በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ከዚያ የተረፈው ይጣላል። የራሱ ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ኬላ ክትባቱን ከጤና ጣቢያ በበረዶ ዕቃ ያመጣል። አንዳንዴ በሞተር፣ አንዳንዴ በእግር። ስለዚህ ባለሙያዋ የተለመደ ዘዴ አላት። ቀን ትቆርጣለች፣ እናቶችን አንድ ላይ ትጠራለች፣ ልጆቹ ሲበዙ ብልቃጡን ትከፍታለች። ለሦስት ልጅ ከከፈተች ሰባት ትጥላለች። ካልከፈተች ሦስቱ ሳይከተቡ ይመለሳሉ።

እንግዲህ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አትሰብስቢ ተባለች። አራት ማለት እሷን ጨምሮ ነው። በፈረቃ ማስገባት ይቻላል፣ የተደረገበትም ቦታ ብዙ ነው። እናቶቹን በሰዓት ከፋፍሎ መጥራት፣ ራቅ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ገጠር ላይ አንዲት እናት ሁለት ሰዓት ተጉዛ ስትመጣ በሦስት ሰዓት ነይ ያሉሽ ሌላ፣ በስድስት ሰዓት ነይ ያሉሽ ሌላ ማለት ብዙም አያስኬድም። ወደ ጎጥ ወጥቶ መከተብ ደግሞ ሌላ የሰው ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ የተመላሾችን መዝገብ ይዞ እየዞረ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በነሐሴ 2012 ያወጣው የ105 አገሮች መጠይቅ ይህንኑ ያሳያል። ከአገሮቹ 90 በመቶ ያህሉ አገልግሎት ተስተጓጉሎብናል አሉ። ተቋም ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተስተጓጎለብን ያሉት 61 በመቶ ነበሩ። ከተቋም ውጪ ወጥቶ የሚሰጠው ላይ ግን 70 በመቶ ደረሰ። ሕንፃ ያለው ነገር በመጠኑ ቆሞ ቀረ። እግር የሚጠይቀው ወደቀ።

ስለ እናቶች በአጭሩ

የነፍሰ ጡሮች ወርሃዊ ጉባኤ በአዋጁ መንፈስ መካሄድ አይችልም ነበር። እዚያ ጉባኤ ላይ ከጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ትመጣለች፣ የአደጋ ምልክት ትነግራለች፣ የመውለጃ ቀን ይሰላል። ያ ሲቀር ባለሙያዋ የቀራት ስልክና እግሯ ነው። የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ተመሳሳይ ጣጣ ገጠማቸው። ራቅ ካለ ቀበሌ የመጡ ሴቶች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚያሳልፉበት፣ ገንፎ አብረው የሚበሉበት ቤት ነው። ወረዳው ካሉት አንድ ሁለት አምቡላንሶች ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ተጠርጣሪ ማመላለስም ተጨመረባቸው።

የመርፌው የእርግዝና መከላከያ በየሦስት ወሩ ነው። በጥር የተወጋች ሴት የምትመለሰው በሚያዝያ ነው፣ አዋጁ ገና ትኩስ በነበረበት ወር። ባሏ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ባለሙያዋ ቤት ድረስ መጥታ ልትወጋት አትችልም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ባልም ልጅም ቤት በዋሉበት ጊዜ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» የሚለው ምክንያትም አነሰ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በየትኛውም ሪፖርት ላይ ራሱን ችሎ አይመዘገብም። ከዘጠኝ ወር በኋላ በሌላ ዓምድ ይመጣል።

እሷስ?

ስለ ባለሙያዋ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ አገልግሎቷ ነው። እሷም ግን የዚያው ቀበሌ ሰው ናት። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ቤት ውለዋል። እናቷ አጠገቧ አለች፣ አሮጊት ናት። ቀን ሃያ ቤት አንኳኩታ ማታ የምትገባው እነሱ ጋ ነው።

ማስክና ጓንት መጀመሪያ የሄደው ወደ ሕክምና ማዕከላት ነው። ታማሚ የሚተኛው እዚያ ስለሆነ ውሳኔው አይነቀፍም። ዕቃ ከማዕከል ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ ሲንጠባጠብ ግን መጨረሻው ላይ ያለችው እሷ ናት። ዕቃው ሲያጥርም መጀመሪያ የሚያጥረው እሷ ጋ ነው። የጨርቅ ማስክ አጥባ የምታደርግ ነበረች፣ ጓንት ለአንድ ለሁለት ሰው ብቻ ቆጥባ የምታስቀምጥ ነበረች። ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ያለ ጓንት ማስገባት አይታሰብም። እና ጓንት የሌለበት ሳምንት ያ አገልግሎት የሌለበት ሳምንት ነው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? በዚያው ዓመት የአንበጣ መንጋ ነበር፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ነበር። ለነዚህ ሁሉ የሚጠራው ያው ሰው ነው።

በደንብ የሠራው ምን ነበር?

እጅ መታጠብ። ይህ ላይ መደበቅ የለም። በየደጃፉ የተንጠለጠለው ጀሪካንና ሳሙና ከሰማይ አልወረደም። ሴቶቹ ለዓመታት «ከመጸዳጃ ስትወጡ፣ ምግብ ስትነኩ» እያሉ ሲጨቀጭቁ የኖሩት ነው። ሳሙና ለሌለው አመድ ማለትንም ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ኮሮና ሲመጣ ትምህርቱ ዝግጁ ነበር። ውኃው ነው ሩቅ የነበረው።

ሁለተኛው የኩፍኝ ዘመቻው ነው። በሚያዝያ 2012 ሊካሄድ የታቀደ አገር አቀፍ ዘመቻ በኮሮና ምክንያት ተላለፈ። ብዙ አገሮች በዚያ ወቅት እንዲህ ያለውን ዘመቻ አቁመውት ነበር። ኢትዮጵያ ግን በሰኔ መጨረሻ ጀምራ 10 ቀን ገደማ በፈጀ ዘመቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከተበች። ማስክ ቀረበ፣ የእጅ ማጽጃ ቀረበ፣ ቦታው እንዲሰፋ ተደረገ፣ ሰው ተመደበ። በጣም ትልቅ ሥራ ነው። ዕቃና ሰው ከተሰጣቸው ያው ባለሙያዎች በዚያው ኮሮና ውስጥ ምን እንደሚችሉ አሳይቷል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ዘመቻው ያነጣጠረው ከ9 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ነው። በመጋቢት 2012 የተወለደ ልጅ በዘመቻው ጊዜ የሦስት ወር ተኩል ሕፃን ነው። አይከተብም። የሱ የመጀመሪያ የኩፍኝ ክትባት በታኅሣሥ 2013 ነው፣ ሁለተኛው በ15 ወሩ፣ በሰኔ። ሁለቱም የሚሰጡት በመደበኛው ፕሮግራም ነው። አምስት በሽታ የሚከላከለው የፔንታ ክትባት ደግሞ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ነበር፣ ማለትም አዋጁ በጠነከረባቸው ወራት። ስለዚህ ዘመቻው ያዳነው ከወረርሽኙ በፊት የተወለዱትን ነው። በወረርሽኙ ውስጥ የተወለዱት ዕጣቸው በጤና ኬላዋና በ10 ልጅ ብልቃጧ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው ዓመት

ምርመራ የሚደረገው ላቦራቶሪ ባለበት ነው፣ ላቦራቶሪ ያለው ከተማ ነው። ጤና ሚኒስቴር ያኔ በየቀኑ ያወጣ በነበረው ቁጥር ውስጥ የገጠሩ ሰው ራሱን አላየም። «ኮሮና የከተማ በሽታ ነው» ማለት ተለመደ። ባለሙያዋ ማስክ አድርጉ ትላለች፣ አጠገቧ በኮሮና ሞተ የሚባል ሰው የለም። እንዲህ ሲሆን የሚሸረሸረው የኮሮና ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ነገ ስለ ክትባት የምትለውም አብሮ ይቀላል።

ክትባቱ ራሱ በአገር ደረጃ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኒካ ክትባት ኮቫክስ በተባለው ክትባት ለአገሮች የሚያከፋፍል ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል ገብቶ ነበር፣ ቅድሚያ የተሰጠውም ለጤና ባለሙያዎች ነው። ወዲያው ሕንድ የራሷ ወረርሽኝ ሲብስባት ወደ ውጭ መላኩን ገታች፣ ሁለተኛው ዙር ዘገየ። ለገጠር የተመቸው በኋላ የመጣው የጆንሰን ክትባት ነው፣ በአንድ መርፌ ያልቃል፣ ሁለተኛ ቀጠሮ የለውም። በ2014 በተደረጉት ዘመቻዎች የጤና ኤክስቴንሽኖቹ እንደገና ቤት ለቤት ወጡ።

«ያመክናል» የሚል ወሬም አብሮ ወጣ። ይህ ወሬ ሆስፒታል ውስጥ ያለን ሐኪም ብዙም አይነካውም። የጤና ኤክስቴንሽኗን ግን ከሥሯ ይነካታል። የእርግዝና መከላከያ የምትሰጠው እሷ ናትና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በኮሮና ማሳበብ ግን አይቻልም። በጥቅምት 2013 በትግራይ ጦርነት ተጀመረ፣ በኋላም ወደ አማራና አፋር ተዛመተ። ብዙ ጤና ኬላ ተዘረፈ፣ ፈረሰ። ድርቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድም የመደበኛ ክትባት ያላገኙ ሕፃናት በብዛት ካሉባቸው አምስት አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ሆነች። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት የኩፍኝ ወረርሽኝ በብዙ ወረዳዎች ተቀሰቀሰ። ከዚህ ውስጥ የኮሮናው ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ መክፈል ያስቸግራል። አንዱ ሌላውን ያባባሰ መሆኑ ግን ግልጽ ነው። በታኅሣሥ 2015 ሌላ አገር አቀፍ የኩፍኝ ዘመቻ ተደረገ። ያ በመጋቢት 2012 የተወለደው ልጅ በመደበኛው ካመለጠው ዘመቻ ያገኘው ያኔ፣ ወደ 3 ዓመቱ ሲጠጋ ነው።

ምን ይቅር ነበር?

የሚገርመው ነገር መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ተዘግተው ነበር። በየቀበሌው ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ መጻፍና መመዝገብ የሚችሉ፣ ሕዝቡ የሚያውቃቸው መምህራን ነበሩ። የተመላሾችን ምዝገባና የ14 ቀን ክትትል ለነሱና ለቀበሌው አስተዳደር መስጠት ይቻል ነበር። በፈቃዳቸው የረዱም ነበሩ፣ አሠራር ሆኖ ግን አልተዘረጋም። እንዲህ ቢሆን ባለሙያዋ ሁለት ነገር ታተርፍ ነበር፣ ጊዜዋንና ስሟን። ጠቋሚ የሚለው ጥርጣሬ እሷ ላይ ባልወደቀ ነበር።

የቀረው ሥራ ደግሞ ሁለት ላይ ይከፈላል። ሦስት ወር ቢዘገይ ሰው የማይሞትበት አለ። የሞዴል ቤተሰብ ምረቃ፣ የመጸዳጃ ቤት ቆጠራ፣ ስብሰባ፣ ግማሹ ሪፖርት። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ሰው የሚሞትበት ደግሞ አለ። የሚያስለው ሕፃን፣ ደም የምትፈሳት ነፍሰ ጡር፣ በቀዩ መስመር ላይ ያለው ክንድ፣ የክትባት ቀን። ለልጆች የምግብ እጥረት የሚሰጠውን ፕላምፒ ነት የተባለ የለውዝ ምግብ በየሳምንቱ ከመስጠት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት አንድ ላይ መስጠት፣ የኪኒን መከላከያውንም የወራት አድርጎ መስጠት ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል። ማስክና ጓንትም ሲከፋፈል ልክ እንደ ሕክምና ማዕከል የጤና ኬላ ድርሻ ተቆጥሮ ከላይ መነሳት አለበት።

ፕሮግራሙን እስከ 2035 እ.ኤ.አ. የሚያሻሽል ፍኖተ ካርታ የወጣው በዚያው የወረርሽኝ ዓመት ነው። ጤና ኬላዎችን በደረጃ ይለያል፣ የተሻለ አገልግሎትና ተጨማሪ ባለሙያ የሚኖራቸውንም ያስባል። ሦስተኛና አራተኛ ሰው መምጣቱ ጥሩ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ የሚነሳው ሥራ ዝርዝር ግን ከሰው ብዛት ጋር አይገናኝም። አስቀድሞ ተጽፎ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። የሚፈርምበትም ወረዳው ነው። ባለሙያዋ ብቻዋን ወስና የተወችው ሥራ በግምገማ ቀን የሷ ድክመት ተብሎ ይጻፍባታል።